ወይዘሪት ጉምና የእንፋሎቱ መንገድ

የባለቤቴ ታናሽ እህት ቤታችን በመጣች ቁጥር መጀመሪያ የምትገባው ኩሽና ነው። ልታግዘኝ እንዳይመስላችሁ። ማንቆርቆሪያው ሲፈላ ለማየት ነው። እጆቿን አጣምራ ምድጃው አጠገብ ትቆምና እንፋሎቱን ከማንቆርቆሪያው አፍ እስከ ጣሪያው ድረስ በዓይኗ ትሸኘዋለች።

«አየሽ እትዬ፣ ሲወጣ ቀጥ ይላል፤ እዚህ ጋ ሲደርስ ግን ሐሳቡን ይቀይራል» ትለኛለች።

«እኔም ሐሳቤን ሳልቀይርብሽ ዞር በይልኝ፤ ምሳው ሊያርብኝ ነው» እላታለሁ።

ልጆቼ «ወይዘሪት ጉም» የሚል ስም አውጥተውላታል። ስሙ ተስማምቷት ስልክ ስትደውል ራሷ «ወይዘሪት ጉም ነኝ» ትላለች። ነገሩ የመጣው ከሥራዋ ነው። ብዙ ዘመኗን ያሳለፈችው ፊልም በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ጭስ ስትሥል ነው፤ በእርሳስ ሳይሆን በኮምፒውተር። በፊልም ላይ ቤት ሲቃጠል፣ መርከብ በጉም ሲዋጥ፣ ፈረሰኛ አቧራ አስነስቶ ሲያልፍ ስታዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቤቱም አልተቃጠለም፣ ጉሙም አልነበረም። እንደ እሷ ያለ ሰው ወገቡ እስኪቆረጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሠራው ነው።

እኔ ከባዱ ሰው መሣል ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን «ሰውማ ቢያንስ አፍንጫው የት እንዳለ ይታወቃል» ትላለች። ጭስ ለመሥራት አንድን ክፍል በሐሳቧ እንደተደረደረ የስኳር ኩብ በትንንሽ ሳጥኖች ትከፋፍለዋለች። እያንዳንዱ ሳጥን ጎረቤቱን እንዴት እንደሚገፋ፣ ሲሞቅ ወዴት እንደሚሄድ፣ ግድግዳ ሲገጥመው ምን እንደሚያደርግ ለኮምፒውተሩ ትነግረዋለች፤ የቀረውን እሱ ያሰላል። ስሌቱ ትክክል ይሁን አይሁን የምታውቀው ግን በዓይኗ ነው። ማንቆርቆሪያዬ ላይ የምታፈጠውም ለዚሁ ነው።

የፊልሙ ሥራ ሲቀዛቀዝ፣ ከአንድ ሆስፒታል ጀርባ ባለ የምርምር ተቋም ተቀጠረች። የቀጠረቻት ሴት የሴል ተመራማሪ ናት፤ ቤታችን ውስጥ «ዶክተሯ» ነው የምንላት። ዶክተሯ ከሰው መተንፈሻ ቧንቧ የተወሰዱ ሴሎችን በትንንሽ ሳህኖች ላይ ታሳድጋለች። ሴሎቹ አናታቸው ላይ በዓይን የማይታይ ፀጉር አላቸው። ፀጉሩ ሳያርፍ እየተወዛወዘ አቧራውንና አክታውን ከሳንባ ወደ ላይ ጠርጎ ያወጣል። የዶክተሯ ጥያቄ፣ እዚህ ፀጉር ላይ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ እንፋሎት ሲያርፍ ምን ይሆናል የሚል ነበር። የወይዘሪት ጉም ድርሻ ደግሞ በማይክሮስኮፕ የተነሳውን ድንግዝግዝ ምስል ወስዳ፣ የፀጉሩ እንቅስቃሴ ጥርት ብሎ እንዲታይና እንዲለካ ማድረግ ነው።

በሥራዋ መጀመሪያ ሰሞን ዓይኗ እያበራ መጣች። «ሣር ነው የሚመስለው እትዬ። ንፋስ የሚያስተኛው ሣር። ልዩነቱ፣ እዚህ ንፋሱን የሚሠራው ሣሩ ራሱ ነው።»

አሁን ወደ ባለቤቴ ልምጣ። እሱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው። ቀጥ ያለ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ተማሪ የሚፈራውና የሚወደው ሰው። ያን ሰሞን ራስ ምታት የሆነበት ተማሪዎቹ «ቬፕ» የሚሉት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነበር። ዕቃው እስክሪብቶ አክሎ እጅጌ ውስጥ ይገባል፤ ሽታው የፍራፍሬ ነው፤ ጭሱ ሳይዙት ይጠፋል። ወላጆች አቤቱታ ሲያበዙ በሽንት ቤቶቹ ጣሪያ ላይ መሣሪያ አሰቀለ። ነጭ፣ የሻይ ሳህን የሚያክል ነገር ነው። እንፋሎቱ ሲደርሰው ለባለቤቴና ለምክትሉ በስልክ መልእክት ይልካል። ባለቤቴ በጣም ኮራበት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ስልኩን እያወጣ ያሳይ ነበር።

አንድ ቀን የሴቶቹ ሽንት ቤት መሣሪያ ጮኸ። ምክትሏ ሮጣ ስትገባ አንዲት ልጅ ብቻዋን እጇን ስትታጠብ አገኘች። ቦርሳዋ ተበረበረ፣ ኪሷ ታየ፤ ምንም የለም። ቬፑን ጉድጓዱ ውስጥ ጥላዋለች ተባለ። ባለቤቴ አስጠርቶ፣ ክፍል ጓደኞቿ ፊት ይቅርታ ከጠየቀች ነገሩ እዚያው እንደሚያበቃ ነገራት። በእሱ ቤት ምሕረት ማድረጉ ነበር።

ልጅቷ «ያላደረግኩትን ይቅርታ አልጠይቅም» አለችው። ድምፅዋን እንኳ አላነሳችም።

ይቅርታ እስክትጠይቅ ቤቷ ትቆይ ብሎ አሰናበታት። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሥራዋን እየጣለች ተመላልሳ ለመነችው። እሱ ግን «ለአንዷ ብላላ ሁሉም ይላላብኛል» ብሎ ሐሳቡን ሳይቀይር ቀረ።

ይህን ሁሉ የነገረን እሑድ ምሳ ላይ ነው። እህቱ ጉርሻዋን እንደያዘች ቆመች።

«መሣሪያው አይዋሽም» አለ ባለቤቴ።

«ልጅቷስ ትዋሻለች?»

«ታዲያ ማን አለ? ብቻዋን ነበረች።»

«የት ነው የተሰቀለው?»

«ጣሪያው ላይ ነዋ።»

«ጣሪያ ሰፊ ነው ጋሼ። የቱ ጋ?»

እሱን አላወቀም። የሰቀለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ነው። እሷ ልየው አለች። ባለቤቴ ሳቀ፤ «ሽንት ቤት ልትጎበኚ?»

«ከዚያ የባሰም ሥዬ አውቃለሁ።»

በቀጣዩ ቅዳሜ እሱ ስብሰባ ስለነበረው አብሬያት የሄድኩት እኔ ነኝ። ጥበቃው ከፈተልን። ወይዘሪት ጉም ላፕቶፕ፣ ሜትርና ከድሮ ባልደረቦቿ የተዋሰችውን የመድረክ ጉም ማውጫ ማሽን ይዛለች። ሽንት ቤቱ ሦስት በር፣ ሁለት የእጅ መታጠቢያ፣ መቀርቀሪያው ተሰብሮ የማይዘጋ ከፍ ያለ መስኮት አለው። መሣሪያው የተሰቀለው ከመስኮቱ ተቃራኒ ጥግ፣ ከአየር ማስተላለፊያው ወንፊት ጎን ነው። የሜትሩን ጫፍ እኔ እየያዝኩ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ለካች፤ የበሮቹን ስንጥቅ ሳይቀር።

«በይ እንግዲህ፣ አሁን ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ፤ ሄደሽ እጅሽን ታጠቢ» አለችኝ።

ታጠብኩ። ጉሙን በትከሻዬ በኩል ለቀቀችው። ጉሙ ፀጉሬን ዳሶ ወደ መስኮቱ ነጎደ። ወደ መሣሪያው ዞር ያለው እንጥፍጣፊ ነው። እኔ ነገሩ አለቀ ብዬ ልወጣ ስል፣ «ይሄ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም» አለች። «የዛሬው ንፋስ የዚያን ቀኑ ንፋስ አይደለም። ጉሙም ቬፕ አይደለም።» እዚህ ላይ ነው የማደንቃት። ደስ ያላትን ነገር ቶሎ አታምንም።

ምክትሏ መሣሪያው በዚያን ቀን የለካውን ሰጠቻት። ወይዘሪት ጉም ሽንት ቤቱን እንዳለ በኮምፒውተሯ ውስጥ ሠራችው። ልጅቷን መታጠቢያው ጋ አቆመች፤ እንፋሎት አስተነፈሰቻት፤ ሄዶ ሄዶ መሣሪያው ጋ ይደርሳል ወይ ብላ አየች። ደረሰ። ዘግይቶ፣ ግን ደረሰ። ቅር አላት። በምሳ ሰዓት ስዕሉን ለዶክተሯ አሳየቻት።

ዶክተሯ አፏ የያዘውን አላምጣ ዋጠችና «ይሄ የሲጋራ ጭስ ነው የሣልሽው» አለቻት።

«እንዴት?»

«የሲጋራ ጭስ ከተቃጠለ ነገር የወጣ ቅንጣት ነው፣ ይቆያል። የቬፕ እንፋሎት ግን ጠብታ ነው። እየሄደ ይደርቃል። በየርምጃው እየከሳ ሄዶ ይጠፋል። እኔ ሴሎቼ ላይ ስለቀው ቱቦው ትንሽ ከረዘመ ሳህኑ ጋ የሚደርሰው ግማሹም አይሆንም።»

ወይዘሪት ጉም ይህን ስትነግረኝ ከት ብላ ሳቀች። ዕድሜ ልኳን ጭስ ስትሥል ኖራ እጇ በልማድ ጭስ ሠርቷል። የሠራችውን ሁሉ አጥፍታ፣ ዶክተሯ ሳህኖቿ ላይ የለካችውን የጠብታ መክሳት ጨምራ እንደ አዲስ ጀመረች። አሁን ልጅቷ መታጠቢያው ጋ ብትተነፍስ፣ በሩን ዘግታ ብትተነፍስ፣ ወደ ላይ አንጋጣ ብትተነፍስ እንኳ መሣሪያው የዚያን ቀን ያየውን ያህል ሊደርሰው አልቻለም። የዚያን ቀኑ ልክ ድንገት ሽቅብ የወጣ ነው፤ ከቅርብ የመጣ። ከቅርቡ ያለው ደግሞ ወንፊቱ ብቻ ነው። እንፋሎቱን ከወንፊቱ አስገብታ ስታየው ልኩ ከዚያን ቀኑ ጋር ገጠመ። ንፋስ ባለበት ቀን ያ የማይዘጋው መስኮት የሽንት ቤቱን አየር ወደ ውጭ ይስባል፤ ሽንት ቤቱ ደግሞ በወንፊቱ በኩል ከጎረቤት ክፍል ይስባል።

ጎረቤቱ ክፍል የማን እንደሆነ ልክ ስትለካ አይታዋለች። ግድግዳውን የሚጋራው የወንድሟ ቢሮ ነው።

ለዶክተሯ አልነገረቻትም። ለእኔም አልደወለችም። እሑድ ከሰዓት መጣች። እኔ ልብስ እተኩሳለሁ፤ ባለቤቴ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ይፈታል። ልጆቹ ውጭ ናቸው። ኩሽና ሳትገባ በቀጥታ ጠረጴዛው ጋ ሄዳ ላፕቶፑን ስትከፍት ቀና ብዬ አየኋት።

«ጋሼ፣ እጅህን ጥረግና ና፤ አንድ ነገር ላሳይህ።»

ስዕሉ ላይ ሽንት ቤቱ በግራጫ፣ እንፋሎቱ በቀይ ነው። መጀመሪያ ልጅቷን አሳየችው፤ ቀዩ ከአፏ ወጥቶ እየሳሳ መንገድ ላይ ቀረ። ቀጥላ ሌላውን አሳየችው፤ ቀዩ ከወንፊቱ ፈስሶ መሣሪያውን ሸፈነው።

«ስለዚህ ከወንፊቱ ነው የመጣው» አለ ባለቤቴ፤ አሁንም ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ። «ከወንፊቱ ወዲያ ያለው...» ብሎ አልጨረሰውም።

ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ወደተንጠለጠለው ኮቱ ሄደ፤ ከውስጥ ኪሱ አንዲት ቀጭን ጥቁር ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። ፍላሽ ነው ብዬ ስንት ጊዜ ከልብስ እጥበት ያተረፍኳት ዕቃ ናት።

ሲጋራ የተወ መስሎኝ ነበር። ኮክ ኮክ ሲሸተኝ «ማስቲካ ነው» ይለኝ ነበር። ካውያውን ነቅዬ ቁጭ አልኩ፤ የተናገርኩትን እዚህ አልደግመውም።

«ሲጋራውን ለመተው ብዬ ነው የጀመርኩት» አለ። «ያንን ተውኩ ስል ይቺኛዋ ያዘችኝ። በሩን ቆልፌ፣ በቀን አንዴም ሁለቴም... እንፋሎቱ ወደ ሽንት ቤቱ ይሄዳል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።»

እህቱ ላፕቶፑን ዘጋችው። ሌላ ሰው ቢሆን ያን ጊዜ የልቡን ይናገር ነበር፤ ለዓመታት ሥርዓትና ደንብ እያለ የገሠጻት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ እጅ ከፍንጅ ይዛዋለች። እሷ ግን «እኔ የመጣሁት ልጅቷ ነገ ክፍሏ እንድትገባ ነው» አለችው።

«ትገባለች። መሣሪያው ተበላሽቶ ነው እንላለን። ልጅቷም ትነጻለች፣ ማንም አይጎዳም።»

«መሣሪያውማ ሥራውን ሠርቷል ጋሼ። ያየውን ነው የተናገረው። የተበላሸው እኛ የሰማንበት ጆሮ ነው።»

«ሥራዬን ላጣ እችላለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ካስፈለገህ አጠገብህ እቆማለሁ። ግን አብሬህ አልዋሽም።»

ባለቤቴ ኮቱን ለበሰ፤ «ቤታቸውን አውቀዋለሁ» አለ። ሦስታችንም ሄድን።

ልብስ ሰፊዋ ማሽኗ ላይ ነበረች። ዳይሬክተሩን በሯ ላይ ስታይ ጨርቁን ከእግሯ አነሣች። ባለቤቴ ይቀመጡ ሲባል አልተቀመጠም። ቆሞ፣ ሳያድበሰብስ ነገራት። ሴትዮዋ አልጮኸችበትም፤ ብትጮኽበት ይሻል ነበር። «ለእኔ ነግረውኛል። ለልጄ ይንገሯት» አለችና ጠራቻት።

ልጅቷ እስከ መጨረሻው ሰማችው። «ክፍል ውስጥ ላሉትስ ማን ይነግራቸዋል?» አለች።

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አላት።

ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ከአጥሩ አጠገብ ከወይዘሪት ጉም ጋር ቆሜ ሰማሁት። ሕግ የጣሰው እሱ እንደሆነ፣ በእሱ ጥፋት አንዲት ተማሪ ትምህርቷን እንዳቋረጠች፣ እሷ እውነቱን ስትናገር እሱ እንዳላመናት ተናገረ። ከኋላ በኩል አንዱ ሳቀ፤ ሌሎቹ ዝም አሰኙት። ልጅቷ ሰልፏ ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ፈገግም አላለች፣ አላለቀሰችም። እኔ በዚያ ጠዋት በባሌ አፍሬ ኮርቻለሁ፤ ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

የትምህርት ቤቱ ቦርድ ጠርቶ ከባድ ማስጠንቀቂያ ሰጠው፤ ከቦታው ግን አላነሣውም። ተማሪዎቹም የራሳቸውን ቅጣት ጨመሩለት፤ «ጋሽ ጭጋግ» የሚል ስም ወጣለት። ልጆቼ ይህን ሲሰሙ በደስታ ሊሞቱ ነበር። አሁን ቤታችን ወይዘሪት ጉምም ጋሽ ጭጋግም አሉት።

ቬፑን መተው ግን በአንድ ቀን ንግግር የሚያልቅ አልሆነም። ተናደደ፣ እንቅልፍ አጣ፣ አንዴም ደብቆ ገዝቶ ራሱ መልሶ ነገረን። አንድ ከሰዓት እህቱን «እስቲ እነዚያን ሴሎች አሳዪኝ» አላትና ተቋሙ ሄድን። ዶክተሯ ነጭ ጋዋን አለበሰችን። በመጀመሪያው ስክሪን ላይ ንጹሕ አየር ያገኙት ሴሎች ፀጉር እንደ ማሳ አንድ ላይ ይወዛወዛል። በሁለተኛው እንፋሎት ያረፈባቸው ናቸው። አንዳንዱ ፀጉር ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዱ ቆሟል፣ የሚወዛወዘውም ከጎረቤቱ ጋር አይግባባም። የወይዘሪት ጉም ቀለም ልዩነቱን ሕፃን እንኳ እንዲያየው አድርጎታል።

ባለቤቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የእኔም እንዲህ ሆኗል ማለት ነው?» አለ።

«ያንን ልነግርዎ አልችልም» አለችው ዶክተሯ። «እነዚህ ሳህን ላይ ያደጉ ሴሎች ናቸው፣ የእርስዎ ሳንባ አይደሉም። እኔ ያየሁት ይህን ነው፤ ከዚህ በላይ ካልኩ ውሸት ይሆንብኛል።» ትንሽ አሰብ አድርጋ ጨመረች፤ «ያለ እንፋሎት ስናቆያቸው ግን አንዳንዶቹ መልሰው ሲንቀሳቀሱ አይተናል።»

እህቱ ሳይጠይቃት ያንን ሦስተኛ ምስል ከፈተችለት። ቆሞ ብዙ አየው።

ያ የሽንት ቤት ስሌት ለሁለቱ ሴቶች ትልቅ ሥራ ሆነ። የቬፕ ጠብታ በተለያየ ክፍል አየር ውስጥ እንዴት እየደረቀ እንደሚሄድ አብረው አጠኑ። ዶክተሯ ከዚያ ወዲህ ለሴሎቿ የምትለቀውን እንፋሎት በትክክል ማከፋፈል ቻለች፤ ድሮ ዳር ላይ ላሉት ሳህኖች ሳይደርሳቸው ይቀር ነበር። ስለ ጥናቱ የጻፉት በአንድ የሳይንስ መጽሔት ላይ ሲወጣ ከዶክተሯ ስም ቀጥሎ የወይዘሪት ጉም ስም ነበረ። በባለቤቴ ትምህርት ቤት መሣሪያዎቹ ከወንፊቶቹ ርቀው ተሰቀሉ፤ መስኮቱም ተጠገነ። ደንቡም ተቀየረ። መሣሪያ ሲጮኽ አንድ መምህር ሄዶ ያያል፤ በመሣሪያ ጩኸት ብቻ ማንም አይቀጣም።

ልጅቷ ዓመቱን ጨርሳ ሌላ ትምህርት ቤት ገባች። ባለቤቴ አዘነ፤ ነገሩ ሁሉ የተስተካከለ መስሎት ነበር። ወይዘሪት ጉም ግን «መብቷ ነው። ይቅርታ ጠየቅካት እንጂ እንድትቆይ አልገዛሃትም» አለችው። ከዚያ ወዲያ በምሳ ገበታ ላይ ነገሩን አንሥታበት አታውቅም፤ ሲያበሳጫት እንኳ።

አሁን እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ሁለቱ እየተጨቃጨቁ በእግራቸው ከሰፈራችን በላይ ያለውን ዳገት ይወጣሉ። አንዳንዴ እኔም እከተላቸዋለሁ። እሷ ፈጣን ናት፤ እሱ መሃል ላይ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ቁም ቢሉት ደግሞ ይቆጣል። ስለዚህ ትንሽ ቀደም ብላ ጎንበስ ትልና የጫማዋን ክር ታስራለች። ክሩ ሁሌ የሚፈታው እዚያው ቦታ ላይ ነው። እሱ ደርሶባት፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ቆሞ ይጠብቃታል፤ «አንቺ ልጅ ጫማ ማሰር መቼ ነው የምትችይው?» ይላታል። እሷም ሳትመልስለት ሌላኛውን ክር ፈትታ እንደገና ማሰር ትጀምራለች።